ድግሱ የት ይሁን?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አዘጋጅ፦ ዋጃና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ፣ እስከ ዞብል ተራራ ሥር ድረስ የምታዳምጡን፣

ዛሬ የማነሣላችሁ የድግስ ነገር ነው። ወጡንና ጠላውን ለባለሙያዎቹ ትቼ ስለ ቦታው ላውጋችሁ። ድግሱ የት ይሁን?

ሠርግ ሲታሰብ ስንት በሬ ይታረድ፣ ማን ሚዜ ይሁን፣ ሙሽራዋ ምን ትልበስ በሚለው ላይ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሲመክር ያመሻል። ቦታው ላይ ሲደረስ ግን «እሱማ የትም ይሆናል» ይባልና ይታለፋል። በአዘቦቱ ሳምንት አያስቸግር ይሆናል። በጥምቀት ማግስት፣ በነሐሴው የሶለል በዓል ሰሞን፣ በዒድና በአረፋ ሰሞን ግን መንገዱም፣ ድንኳኑም፣ ባጃጁም፣ ወጥ ሠሪዋም በአንድ ቀን ይፈለጋሉ። ያኔ ነው «የትም ይሆናል» ያልነው ነገር የሚያሯሩጠን።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ። መጀመሪያ እንግዳው፣ ቀጥሎ ቦታው። አዳራሹ ያምራል ወይ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ከጠራችሁት ሰው ሁሉ አቅሙ የደከመው እዚያ መድረስ፣ መቀመጥ፣ መብላትና በሰላም ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ እስቲ ከቀኑ እንጀምር። ድግሱ ሁሉ አንድ ሰሞን ላይ የሚከመረው ለምንድን ነው?

የጾሙን አቆጣጠር አስቡት። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። በጾም ሠርግ የለም። ገና አልፎ ጥምቀት ጥር 11 ሲውል፣ ማሽላው ተሰብስቦ፣ እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ የሰው ልብ ወደ ሠርግ ይዞራል። ግን ከፊት ደግሞ ዐቢይ ጾም አለ። ዐቢይ ጾም አንዳንድ ዓመት ቀድሞ ሲመጣ በየካቲት 1 ሊገባ ይችላል። እንዲያ ሲሆን ከጥምቀት እስከ ጾሙ ያለው ጊዜ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ የነነዌ ሦስት ቀን አለች። የአካባቢው ሙሽራ ሁሉ በዚህች ጠባብ በር ነው የሚያልፈው።

የእስልምና በዓላት ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድመው ይመጣሉ። ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የጀመሩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑ ሲድር ሙስሊሙ ጎረቤት አብሮ ይሮጣል፤ ሙስሊሙ ሲድርም እንዲሁ። ታዲያ የአንዱን ወገን አቆጣጠር ብቻ አይቶ ቀን መቁረጥ ይበቃል? አይበቃም። ጎረቤታችሁ ጾመኛ ሆኖ የቀን ምሳ ብትጠሩት፣ መጥቶ ባዶ አፉን ተቀምጦ ይመርቃችኋል እንጂ አይበላም።

ስለዚህ ቦታ ከመፈለጋችሁ በፊት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እዩት። የከተማውን የገበያ ቀንም አትርሱ። በገበያ ቀን መንገዱ በአህያ፣ በግመልና በጋሪ ይሞላል፤ የሙሽራው መኪና እዚያ መሐል ገብቶ መቆሙ አይቀርም።

(ድምፅ፦ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የገበያ ጫጫታ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

አዘጋጅ፦ አሁን አንድ ቤተሰብ በዓይነ ልቦናችን እንይ። ዋጃ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ይሠራል፤ እህቱ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ልትዳር ነው። ልጁ ለበዓሉ መጥቶ ከእናቱ ጋር ተቀምጧል።

ልጅ፦ እማዬ፣ ከተማ አዳራሽ እንከራይ። ወንበሩም፣ መብራቱም፣ ሙዚቃውም ያለቀለት ነው። እናንተም አትደክሙም።

እናት፦ ደግ አሰብክ ልጄ። አያትህንስ በምን እናደርሳቸዋለን? ከዞብል የሚመጡት አክስትህስ ሲመሽ የት ያድራሉ?

ልጅ፦ ሚኒባስ እንከራያለን።

እናት፦ የጥምቀት ሰሞን ሚኒባስ? ሰው ሁሉ ሠርግ ላይ ነው። እንግዲህ አንተ ካገኘህ ይሁን።

አዘጋጅ፦ ማን ልክ ነው? ልጁ የእናቱ ድካም አሳስቦታል። እናትየዋ ደግሞ እንግዶቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች ነው። እኔ ለእናትየዋ አደላለሁ። አዳራሽ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ለትንሽ ድግስ፣ ለምርቃት፣ ለልደት፣ እንግዳው ሁሉ እዚያው ከተማ ለሆነለት ሰው አዳራሽ ይበጃል። ከገጠርም ከከተማም ሦስትና አራት መቶ ሰው ለሚጠራ ቤተሰብ ግን፣ በበዓል ሰሞን ከሩቅ አዳራሽ ይልቅ በሠፈር የተጣለ ዳስ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን? እንግዳው የሚያድረው ጎረቤት ነዋ! ላሊበላን አስቡ። ለገና ከየአገሩ ምእመን በእግሩ ሲጎርፍ ሆቴሎቹ ብቻ አይችሉትም። የከተማው ሰው ቤቱን ይከፍታል፤ የመንገደኛውን እግር ያጥባል፤ ድንኳንም ይተከላል። እኛም ዘንድ ለአንድ ሠርግ የአሥር ጎረቤት ቤት ይከፈታል። ድግሱ ከዚያ ሠፈር ሲርቅ ይህ ሁሉ ማረፊያ አብሮ ይርቃል።

መጀመሪያ እንግዳው፣ ቀጥሎ ቦታው።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ ዳሱ በምን ይጣላል? እዚህ ላይ ስለ ቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር ስለሚለው፣ ላንሣ።

ቅሬው ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ድስትና ብርጭቆ አለው። ብዙ ቤተሰብ ሠርጉን የሚወጣው በቅሬው ዕቃ ነው። ነገር ግን ቅሬ የቆመው ከሁሉ አስቀድሞ ለሐዘን ነው። በሠርጋችሁ ዋዜማ ሠፈር ውስጥ ሰው ቢሞት ድንኳኑ ወደ ለቅሶው ይሄዳል፤ መሄድም አለበት። በዚህ ማንም አይቀየምም። ግን ማን አስቀድሞ ያስባል?

ስለዚህ ወደ ቅሬው ዳኛ ወይም ጸሐፊ ስትሄዱ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። በዚያ ቀን ሌላ ደጋሽ ጠይቋል ወይ? ዕቃው ከማን ቤት ወጥቶ መቼ ይመለሳል? ሐዘን ቢገጥም ሁለተኛው ድንኳን ከየት ይመጣል? የሦስተኛው መልስ የጎረቤት ቀበሌ ቅሬ ሊሆን ይችላል። የሳር ቤትን ከአጎራባች ግቢ ጋር ማገናኘትም ሊሆን ይችላል። እንጨት አቁሞ ቅጠል ማልበስም አባቶቻችን የኖሩበት ነው። ብቻ መልሱ አስቀድሞ ይታወቅ።

ሌላም አለ። ድንኳኑን ልትተክሉ ካሰባችሁበት ቦታ አጠገብ ለቅሶ የተቀመጠ ቤት አለ? ካለ፣ ሽማግሌ ልካችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ባለ ሐዘን «ደግሱ፣ እኛም እንመርቃለን» ይላል። ሳትጠይቁት ከበሮና ድምፅ ማጉያ በሩ ላይ ብታቆሙበት ግን፣ ያ ቅሬታ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው እስኪያሳድጉ ይቆያል። ቦታ መምረጥ ማለት ጎረቤት መምረጥም ነው።

(ድምፅ፦ ነጎድጓድ፣ ዝናብ፣ ከሩቅ የሚመጣ የጎርፍ ድምፅ)

አዘጋጅ፦ አሁን ወደ ሶለል እንምጣ። ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበረውን የልጃገረዶች በዓል በሰቆጣ ሻደይ፣ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ፣ እኛ በራያ ቆቦ ሶለል እንለዋለን። ልጃገረዶቹ ተውበው፣ እየዘፈኑ በየቤቱ ሲዞሩ ደስ የማይለው ማን አለ? ከዓረብ አገር የመጡት፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆችም በዚሁ ሰሞን ቀለበቱንም፣ ምርቃቱንም፣ ግብዣውንም ያደርጋሉ።

ነሐሴ ግን የዝናብ ወር ነው። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ከዛሬው ነገር ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ከምዕራቡ ደጋ የሚነሡ ወንዞች፣ ጎሊናው፣ ሆርማቱ፣ ሌሎቹም፣ ወደ ሜዳችን የሚወርዱት በድንገት ነው። ደጋው ላይ ይዘንባል፤ እዚህ ዋጃ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ይሆናል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ደረቅ የነበረው አሸዋ ላይ ድንጋይ እያንከባለለ ጎርፍ ይመጣል። ገበሬዎቻችን ይህን ጎርፍ ጠልፈው ማሳ የሚያጠጡ ሰዎች ናቸው፤ ጠባዩን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከከተማ የመጣ ልጅ ግን ምን ያያል? ሰፊ፣ ንጹሕ አሸዋ ያያል። ዳሩን የግራር ጥላ ከቦታል። «ለፎቶም ያምራል፣ ለድግስም ይሆናል» ይላል።

አይሆንም! ደረቅ ወንዝ ውስጥ ዳስ አይጣልም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በጭራሽ! በበልግ ዝናብም ጊዜ ቢሆን አትድፈሩት። ጥላው ካስፈለጋችሁ ከወንዙ ከፍ ያለውን ቦታ ፈልጉ። የትኛው ከፍታ ይበቃል? ሽማግሌ ጠይቁ፦ «አባባ፣ ከዚህ በፊት ጎርፉ እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» በሉ። እሳቸው ድንጋዩን ወይም ዛፉን ያሳዩአችኋል። ድንኳናችሁ ከዚያ ምልክት በላይ ይሁን። እንግዳውም ወደ ቤቱ ሲመለስ ወንዝ የሚሻገር ከሆነ ድግሱን በጊዜ ጀምራችሁ በጊዜ ጨርሱ።

ለልጃገረዶቹም እንዲሁ ነው። የሚጫወቱበት ሜዳ ከወንዝ የራቀ፣ ከዋናው አውራ ጎዳና የራቀ፣ ሲመሽ አብረው የሚመለሱበት መንገድ የታወቀ ይሁን። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድ ከተሞቻችንን መሐል ለመሐል ነው የሚያቋርጠው፤ ከባድ መኪና ለጨዋታ አይቆምም። የበዓሉ ባለቤቶች እነርሱ ናቸውና ቦታው ሲመረጥ እነርሱም ይጠየቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ ጥር ላይ ጎርፍ የለም። የጥር ጠላት ሌላ ነው፤ ፀሐይና እሳት።

በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትውላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከምዕራብ ገብታ ታቃጥላለች። ድንኳን ስትተክሉ የደቡቡንና የምዕራቡን ጎን ሸፍኑ፤ ነፋሱ በሌላው ይግባ። አራቱንም ጎን ዘግታችሁ ሦስት መቶ ሰው ብታስቀምጡበት፣ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ከዚያ ሙቀት ውስጥ እንዴት ይቀመጣሉ?

እሳቱስ? ማሽላ ከታጨደ በኋላ በየጓሮው አገዳ ይከመራል። ለከብት ነው፣ ለማገዶ ነው፣ ለአጥር ነው። የታጨደ ማሳ ሰፊና ገላጣ ስለሆነ ለዳስ ይመቻል፤ እኔም ደግ ቦታ ነው እላለሁ። ግን ወጥ የሚሠራው የት ነው? ነፋሱ ከምድጃው ወደ አገዳው ክምር የሚነፍስ ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። የምግብ ማብሰያው ከድንኳኑም፣ ከክምሩም ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ጭሱን ከሰው ወዲያ በሚወስድበት በኩል ይሁን። ከጎኑ በርሜል ውኃና አፈር ይቀመጥ። ጄኔሬተርም ካለ ከድንኳኑ ውጭ ይሁን፤ ነዳጁ ከምድጃ ይራቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 ዓ.ም. በጎንደር የጥምቀት በዓል ላይ፣ በፋሲለደስ መዋኛ ዘንድ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። ለበዓል የመጡ ሰዎች ነበሩ። ይህን የማነሣው እኛም ለሙሽሮች መድረክ፣ ለሙዚቀኛ ከፍታ፣ ለእንግዳ ደረጃ በእንጨት ስለምንሠራ ነው። ማን ሠራው? ስንት ሰው ይችላል? ሕፃናት ሁሉ ሲወጡበትስ? አናጢው ራሱ ከሚያውቃቸው ጎረምሶች ጋር ወጥቶ ሳይሞክረው እንግዳ አይውጣበት። ድንኳኑም በአንድ በር ብቻ አይሁን፤ ሰው ሲደነግጥ ወዴት ይወጣል?

(ድምፅ፦ ውኃ ከጀሪካን ሲቀዳ)

አዘጋጅ፦ ይህን ድምፅ ለያችሁት? ውኃ ነው። በድግስ ቀን ውኃ ከጠላ ይቀድማል።

በቀላሉ እናስላው። አራት መቶ እንግዳ ጠርታችኋል። እያንዳንዱ ከምግብ በፊትና በኋላ እጁን ይታጠባል። ለአንድ መታጠብ ግማሽ ሊትር ብንመድብ፣ ለእጅ ብቻ አራት መቶ ሊትር ነው። ቢጫዋ ጀሪካን 20 ሊትር ትይዛለች። እንግዲህ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ 20 ጀሪካን! ወጡ አልተሠራም፤ ዕቃው አልታጠበም፤ የሚጠጣው አልተቀዳም፤ ለሶላት የሚታጠበው ሰው አልተቆጠረም። ቦንባው በበዓል ቀን በወረፋ ቢያዝ ወይም ቢቋረጥ ምን ታደርጋላችሁ? ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ውኃው ስንት እርምጃ ይርቃል ብላችሁ በእግራችሁ ሂዱና እዩት፤ ከዋዜማው ጀምሮም በርሜል ሙሉ። የመጸዳጃውንም ነገር እንዲሁ፤ ለሴቶች ለብቻ፣ ከማብሰያውና ከውኃው የራቀ፣ ሲመሽ መብራት ያለው ይሁን።

ሁለት ማዕድ ደግሞ አለን። ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ይበላል። ወሎ ውስጥ ይህ አያጣላንም፤ ሁለት በሬ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ደስታ። ግን ቦታ ይፈልጋል! ማረጃው ሁለት፣ ማብሰያው ሁለት፣ ቢላዋውና ጭልፋው የየራሱ። ጠላው በአንድ በኩል፣ ብርዙና ቃሪቦው በሌላ በኩል። ሙስሊም እንግዶች ለሶላት ገለል የሚሉበት ንጹሕ ጥግ ይዘጋጅ። ጓዳው አንድ ብቻ የሆነ አዳራሽ እየተከራያችሁ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጎረቤታችሁ ሰፋ ብሎ ካልተስተናገደ መቼ ደገሳችሁ ይባላል?

መጀመሪያ እንግዳው፣ ቀጥሎ ቦታው።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ «እሺ፣ አመዛዝነን አዳራሽ መርጠናል» የምትሉ ትኖራላችሁ። መልካም። እንግዲህ የቀብድን ነገር አድምጡ፤ ገንዘባችሁ ነው።

አሁንም የሚሠራበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ በቁጥር 1883 እና በተከታዮቹ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ድግሱ እንደታሰበው ከሆነ ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ያጣል። ቀብድ ተቀባዩ ቢያፈርስስ? ሌላ ስምምነት ከሌለ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ልድገመው፦ አሥር ሺሕ ብር ቀብድ ተቀብሎ፣ በበዓሉ ሰሞን ብዙ የሚከፍል መጣልኝ ብሎ አዳራሹን ለሌላ ቢሰጥ ሃያ ሺሕ ይመልሳል።

ታዲያ ይህ እንዲሆን ወረቀት ያስፈልጋል። የሰጣችሁት ገንዘብ «ቀብድ» መሆኑ ይጻፍ። ምስክር ይፈርም። ቀኑ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር የማን እንደሆነ፣ ምግብ ከውጭ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ይጻፍ።

ቀኑንም በሁለት አቆጣጠር፣ ከነዕለቱ ጻፉት። ውጭ አገር ያለው ወንድማችሁ በስልክ «ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው፤ እሑዱን ያዙልኝ» ሊል ይችላል። አብዛኛውን ዓመት ጥር 11 በጃንዋሪ 19 ይውላል። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል፤ በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። በአንድ ቀን ልዩነት አዳራሹ ለሌላ ሙሽራ ሊሄድ ይችላል። ሰዓቱንም «ከቀኑ ስድስት ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ «ስድስት» ሲል ምሽቱን አስቦ ሊሆን ይችላል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

አዘጋጅ፦ ለዛሬ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። በሠፈራችሁ ለድግስ የሚመቸውን ከፍ ያለ ቦታ፣ ጎርፍ የማይደርስበትን፣ ውኃ የሚቀርበውን፣ ከሽማግሌዎች ጋር ሆናችሁ ለዩና ጻፉልን፤ የማን ይዞታ እንደሆነና ማን እንደሚፈቅደው ጭምር። የደረሰንን በሚቀጥለው ሳምንት እናነባለን። የቅሬ ጸሐፊዎችም በአንድ ቀን ሁለት ደጋሽና አንድ ለቅሶ ሲገጥማችሁ ድንኳኑን እንዴት እንደምታዳርሱ ላኩልን፤ ለሌላው ቀበሌ ይጠቅማል።



(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ያበቃል)